ቀበና ወንዝ ዳር ጭራዋን የምትነቀንቀው ወፍ ማን ናት?

የቀበናው · ኅዳር 6

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው ነገር አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ከቀበና ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ነው የምሄደው። ድልድዩ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ቁልቁል ወንዙን ማየት ልማዴ ነው። ምን እንደማይ አትጠይቁኝ፤ ፌስታል፣ አንድ እግር ጫማ፣ አንዳንዴ አረፋ። ከመስከረም ወዲህ ግን አንዲት ወፍ አለች። ሁሌ ብቻዋን ናት። ከድንቢጥ ተለቅ ትላለች፣ ከእርግብ ግን በጣም ታንሳለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ። ድንጋይ ላይ ትቆምና የኋላዋን ላይ ታች ትነቀንቃለች። አታቆምም እኮ! ስትሄድም፣ ስትለቅምም፣ ዝም ብላ ስትቆምም። በጆሮዋ ዘፈን ሰክታ የምትሰማ ነው የምትመስለው።

ትናንት አንድ ልጅ ድንጋይ ወረወረባት (ሳታት፣ ተመስገን)። ውሃውን ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ዝቅ ብላ በረረች። ክንፏን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ታደርግና ገትራ ትንሳፈፋለች፤ እንደገና መታ መታ። "ዊ ዊ ዊ" የምትል ቀጭን ድምፅ ነበራት። ሃምሳ ሜትር ያህል ሄዳ አረፈችና ያንኑ ንቅነቃ ቀጠለች።

ማን ናት? እዚያ ቆሻሻ ውስጥስ ምን ትሠራለች?

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 6

እኔ በዚያ ድልድይ ስመላለስ አስር ዓመቴ፤ እስከ ዛሬ ወፍ የለም ነበር። አንተ ቃል በቃል አገኘህ። ደግሞ እስክስታ በትከሻ እንጂ በጭራ ሲወረድ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ሰሊ · ኅዳር 6

ዋግቴይል ትመስለኛለች። እኛም ግቢ ትመጣለች፤ ጭራዋን እንደዚያው ነው የምታደርገው። ጀርባዋ ግራጫ፣ ጭራዋ ረጅም። ፎቶ የለህም?

የቀበናው · ኅዳር 6

@ሰሊ ፎቶ አለኝ፤ ግን የስልኬን ካሜራ ብታዪው ታዝኚልኛለሽ። አንድ ቡናማ ነጥብ ነው። የዚህችኛዋ ጭራ አጭር ነው። ረዘም የሚለው ምንቃሯ ነው፤ ቀጥ ያለና የጭንቅላቷን ያህል የሚሆን። እግሯ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ።

ባይኖኩላር · ኅዳር 7

ወንድሜ፣ ነገ ስታልፍ ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ ክንፏ ከሚጀምርበት ፊት ለፊት የሆዷ ነጭ ወደ ላይ ገባ ይላል ወይ? ሁለተኛ፣ ስትበር ከጭራዋ ከፍ ብሎ ያለው ወገቧ ነጭ ነው ወይስ እንደ ጀርባዋ ቡናማ? ከዚያ ስሟን እነግርሃለሁ።

የቀበናው · ኅዳር 8

ዛሬ በእሷ ምክንያት ሥራ አረፈድኩ፤ ለአለቃዬ ታክሲ ጠፋ አልኩት። በእግሬ እንደምሄድ ያውቃል።

አዎ፣ ነጩ ወደ ላይ ገባ ይላል። ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ነው የምትመስለው። ስትበር ወገቧ ቡናማ ነው፤ ክንፏ ላይ ግን ነጭ መስመር አየሁ።

ባይኖኩላር · ኅዳር 8

አለቀ። ኮመን ሳንድፓይፐር ናት። ያቺ "ነጠላ" መታወቂያዋ ናት፤ እሷን ካየህ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግህም።

ወገቧ ነጭ ቢሆን ኖሮ ግሪን ሳንድፓይፐር ትሆን ነበር። እሷም አዲስ አበባ ወንዞች ላይ በብዛት አለች፤ ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ውሎ ያድራል። ግሪኗ ጠቆር ትላለች፤ ስትበር የክንፏ ስር ጥቁር፣ ወገቧ ደማቅ ነጭ ነው። ድንገት ካስነሳሃት ከፍ ብላ ነው የምትጠፋው፤ ያንተዋ ግን ውሃውን ተለጥፋ ነው የሄደችው። በነገራችን ላይ ግሪኗ ዛፍ ላይ ነው የምትወልደው፤ ሌላ ወፍ ትቶት የሄደውን ጎጆ ትይዛለች። ከወንዝ ዳር ወፎች ይህን የምታደርግ ማግኘት ብርቅ ነው።

ኮመኗ ርዝመቷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 50 ግራም አካባቢ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል በለው። ይቺ እንቁላል የምታህል ነገር ናት ከአውሮፓና ከእስያ ድረስ በርራ ቀበና ድልድይ ስር የምትቆመው።

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 8

ቆይ፣ ከውጭ ነው የመጣችው? ዲያስፖራ ናታ! ታዲያ ቦሌ ሳታርፍ ቀበና ምን አመጣት?

ሰሊ · ኅዳር 8

@ባይኖኩላር አመሰግናለሁ፤ ዋግቴይል ያልኩትን አንስቻለሁ። በአማርኛ ስም የላትም እንዴ? ሳንድፓይፐር እያልኩ ለልጄ ማስረዳት ሊከብደኝ ነው።

ጡረተኛው_መምህር · ኅዳር 9

ልጆች፣ ዘግይቼ ገባሁ። ባዮሎጂ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ይህን ርዕስ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

ስሟን በተመለከተ፦ ትልልቆቹና የሚጮኹቱ ስም አላቸው። ጋጋኖ፣ ቁራ፣ ጭልፊት። እህል የሚበሉት አላቸው፤ ገበሬ ይጣላቸዋላ። የወንዝ ዳር ትንንሾቹን ግን "የውሃ ወፍ" ብለን በጅምላ አልፈናቸዋል። ሳይንሳዊ ስሟ አክቲቲስ ሃይፖሊዩኮስ ነው። የመጀመሪያው ቃል ዳር ላይ የሚኖር ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከስር ነጭ። ስሟን ያወጣላት ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በፈረንጅ 1758 ያየውም የእኛ ወንድም በድልድዩ ላይ ያየውም ያው አንድ ነገር ነው፤ ዳር የምትኖር፣ ሆደ ነጭ።

አሁን ስለ ኑሮዋ። የምትራባበት አገር ስፋቱ ያስደንቃል፤ ከአየርላንድ እስከ ጃፓን። እዚያ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ትደርሳለች። ጠጠር ያለበት ወንዝ ወይም የሐይቅ ዳር ትመርጥና ሣር መሐል መሬት ጫር ጫር አድርጋ አራት እንቁላል ትጥላለች። ባልና ሚስት ተራ በተራ ሦስት ሳምንት ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳሉ፣ ራሳቸው ይለቅማሉ። ደግሞ ገና ላባ ሳያወጡ ያቺን ንቅነቃ ይጀምራሉ! ማንም አላስተማራቸውም። ከዚያ ብዙ ጊዜ እናትየዋ ቀድማ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ አባትየው ልጆቹ በአራት ሳምንታቸው ክንፍ እስኪያወጡ ይቆያል። ቀጥሎ እሱ፣ በመጨረሻ ልጆቹ። ልጆቹ መንገዱን የሚያሳያቸው ወላጅ ሳይኖር ነው የሚነሡት። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

የሚሸሹት ብርዱን ብቻ አይደለም። ወንዙ በረዶ ሲሆን ነፍሳት ይጠፋሉ፤ የምትበላው የለም። ታዲያ ለምን ተመልሳ ትሄዳለች ብትሉ፣ ሰሜን ላይ በበጋ ቀኑ ረጅም ነው፣ ትንኙም ሞልቷል፤ ልጅ ለማሳደግ ይመቻል። እኛ ጋ ነሐሴ ላይ መግባት ትጀምራለች፤ ሚያዝያ ላይ አብዛኞቹ ይሄዳሉ።

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 9

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። እኔ ግን እናትየዋ ቀድማ ጥላ መሄዷ ላይ ነኝ ገና።

አዲሱ_ተመዝጋቢ · ኅዳር 9

ነሐሴና መስከረም ከሆነች የመስቀል ወፍ ናታ! አያቴ የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር ነው የምትመጣው ትለኝ ነበር።

ባይኖኩላር · ኅዳር 9

@አዲሱ_ተመዝጋቢ አይ፣ ያቺ ሌላ ናት። የመስቀል ወፍ የምንላት የትም አትሄድም። ወንዱ የሚራባበት ወቅት ሲደርስ ልብሱን ይቀይራል፤ ቡናማው ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ይሆናል። በሌላው ጊዜ ከድንቢጥ ተለይቶ ስለማይታይ ሄዷል እንላለን። "እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ" የምንለው ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን የነበረውን ነው። በትክክል የምትመጣውንና የምትሄደውን ደግሞ ማንም ልብ አላላትም።

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 10

ጉግል ሳደርግ ያገኘሁትን እዩልኝ። ባር ቴይልድ ጎድዊት የምትባል የእነሱ ዘመድ በ2022 ከአላስካ ተነሥታ 11 ቀን ሳታርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በርራ ታዝማኒያ ገባች። ዕድሜዋ አምስት ወር ገደማ! እኔ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ለመምጣት ሁለት ታክሲ ነው የምይዘው።

ጡረተኛው_መምህር · ኅዳር 10

እውነት ነው፤ ጀርባዋ ላይ የሳተላይት መከታተያ ነበራት። የኛዋ እንደዚያ አትቸኩልም። ሌሊት ሌሊት እየበረረች፣ ወንዝ ባገኘች ቁጥር እያረፈች፣ ስብ እያጠራቀመች ነው የምትመጣው። የስኮትላንዶቹን ትንሽ መቅረጫ አስረውባቸው ተከታትለዋቸዋል፤ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የወረዱት። እና ቀበና ላይ ያለችው በእንግሊዝኛ ሰላም ባትላችሁ አትቀየሟት።

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 10

"ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል" አሉ። ዊ ዊ ዊ የየት አገር ቋንቋ ይሆን?

ሐቀኛው · ኅዳር 11

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሰው ቲማቲም በስንት ገባ እያለ ባለበት ጊዜ ስለ 50 ግራም ወፍ ይህን ሁሉ መጻፍ ቅንጦት አይሆንም? ደግሞ ወፏ እዚያ ከኖረች ወንዙ ተበክሏል የሚባለው ነገር ተጋኗል ማለት ነው።

ጡረተኛው_መምህር · ኅዳር 11

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ላይ አልከራከርህም፤ እኔም ቲማቲም እገዛለሁ። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳተው ልዘርዝረው።

እሷ የምትበላው ዝንብ፣ ጥንዚዛ፣ የትንኝ እጭ፣ ትላትል ነው። ከእነዚህ አንዱ ቀይ ትል ነው። የቧንቧ ውሃ ያጠራቀመ በርሜል ስር ሲልወሰወስ አይታችሁት ይሆናል። ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ልክ እንደኛ ደም። ስለዚህ ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥ ሌላው ሲሞት እሱ ይተርፋል። የሚሻማው ሲጠፋ ደግሞ ይፈለፈላል። ፍሳሽ የገባበት ወንዝ ላይ ወፏን የሚጠራት ይህ ነው። ወፏ መኖሯ ምግብ መኖሩን ነው የሚነግርህ፤ የውሃውን ንጽሕና አይደለም። ፍሳሹ ውስጥ ያለው መርዛማ ከባድ ብረት ደግሞ ከጭቃው ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ እሷ ያልፋል።

ባይኖኩላር · ኅዳር 11

@ሐቀኛው ቁጥሯ በጣም አልቀነሰም፤ ዓለም አቀፍ ዝርዝሩ ላይ "ለጊዜው የማያሰጋ" ከሚባሉት ናት። አዝማሚያው ግን ወደ ታች ነው። ይሄ ክፍል ነው የሚያሰጋኝ፤ ብዙ ናቸው ስለተባለ ማንም አይቆጥራቸውም። የወንዝ ዳር ወፎች ውስጥ ስሌንደር ቢልድ ከርሊው የሚባል ነበር፤ ሳይቤሪያ እየተራባ ሰሜን አፍሪካ ይከርም ነበር። በእርግጠኝነት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ሞሮኮ ነው። በ2025 ከምድር ጠፍቷል ተብሎ በይፋ ተመዘገበ። የሚራባበት፣ የሚያርፍበት፣ የሚከርምበት፤ ከሦስቱ የቱ እንደተበላሸበት እንኳ ሳይጣራ ነው የሄደው።

ለዚህ ነው አንድ አገር ብቻውን የማያድናቸው። የአፍሪካና የዩሮእስያ ተሰዳጅ የውሃ ወፎች ስምምነት በ1995 ዘ ሄግ ላይ ተፈረመ፤ 255 ዓይነት ወፎችን ያካትታል። ኢትዮጵያም ከ2010 ጀምሮ አባል ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የቀበናው · ኅዳር 14

ወደ ቀበና ልመልሳችሁ። ሰሞኑን ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከድልድዩ በላይ በግራ በኩል ዳሩ አዲስ ግንብ ሆኗል፤ ከውሃው ቀጥ ብሎ የሚነሣ። በቀኝ በኩል ገና ጠጠርና ጭቃ ነው፤ ሣርም አለው። ወፏን አሥር ቀን አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን በግራ በኩል አላገኘኋትም። ሁሌ በቀኝ ናት። ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው።

ባይኖኩላር · ኅዳር 14

ይሄ እዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ዋናተኛ አይደለችም (ጭልፊት ሲያባርራት ግን ጠልቃ ውሃ ውስጥ ታመልጣለች፤ ክንፏን ተጠቅማ)። የምትኖረው ውሃና መሬት በሚገናኙበት አንድ ሁለት ሜትር ላይ ነው። እዚያ ነው እጩ የሚወጣው፣ ዝንቡ የሚያርፈው። ግንቡ ያቺን ሁለት ሜትር ነው የሚበላት። ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በፈረንጅ 2019 ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ነበር የተባለው፤ ቆሻሻው ቢነሣ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። የኔ ፍርሃት ውሃው ጸድቶ ዳሩ እንዳይጠፋ ነው። የጸዳ ቦይ ወንዝ አይሆንም።

ግንበኛው · ኅዳር 15

እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ፎርማን ነኝ፤ የትኛው ሳይት እንደሆነ አልናገርም። ሁልጊዜ እኛ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ክረምት ላይ ያንን ወንዝ አይታችሁታል? እንጦጦ ላይ ሁለት ሰዓት ከዘነበ እዚህ ታች ሰው ቤት ይገባል። ግንቡ የሚሠራው ለፎቶ አይደለም። አፈሩን ዝም ብለህ ብትተወው በአንድ ክረምት ሦስት ሜትር ይዞልህ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ቤት ተከትሎት ይገባል።

ግን ወፏን አውቃታለሁ። ሻይ ስንጠጣ አሸዋ ክምሩ ድረስ ትመጣለች። ልጆቹ "ኢንስፔክተር" ነው የሚሏት፤ ሥራችንን እያየች ጭንቅላቷን ሳይሆን ጭራዋን ስለምትነቀንቅ።

ባይኖኩላር · ኅዳር 15

ኢንስፔክተር!!! ስሙ ተገኘ @ሰሊ።

@ግንበኛው ላጣላህ አይደለም፤ የጎርፉ ነገር ትክክል ነህ። አንድ ልጠይቅህ፦ ሁሉም ቦታ በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ የግድ ነው?

ግንበኛው · ኅዳር 15

የግድ አይደለም። ጋቢዮን አለ፤ ድንጋዩን በሽቦ ቅርጫት ሞልተህ ትደረድረዋለህ። ውሃ ያሳልፋል፣ በመሐሉ አፈር ይገባበታል፣ በሁለት ዓመት ሣር ያወጣል። በደረጃ ከሠራኸው ከታች ያለችው ደረጃ በጋ ላይ ጠጠር ይተኛባታል። ወንዙ በሚታጠፍበት ከውጭ በኩል ነው ኃይሉ፤ እዚያ ጠንካራ ግንብ ያስፈልግሃል። ከውስጥ በኩል ግን ወንዙ ራሱ አሸዋ ይጥላል፤ እዚያ ባትነካውም ይቆማል። የሚነካው ዲዛይኑ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ነው። እኔ የተሰጠኝን ነው የምሠራው።

የቀበናው · ኅዳር 16

ዛሬ ሄጄ አየሁ። የእሷ ቦታ የመታጠፊያው የውስጥ በኩል ነው። ልክ አንተ ባልከው።

የግንፍሌዋ · ኅዳር 18

ልጆቼ፣ ልጄ ናት አንብባልኝ የምትጽፍልኝ። እኔ ያደግሁት ግንፍሌ ነው። ልብስ የምናጥበው ወንዙ ውስጥ ነበር፤ ድንጋይ ላይ እያሸን ሣሩ ላይ እናሰጣለን። ያቺ ወፍ ያኔም ነበረች። ሳሙናው አረፋ ዳር ዳር እየሄደች ትለቅማለች። እኛ ልጆች ሆነን ከኋላዋ እየተከተልን እንደሷ ስንነቀነቅ እናቴ በእርጥብ ልብስ ጀርባዬን ትለኝ ነበር፤ "ውሃ ቅጂ!" እያለች። ከሩቅ አገር እንደምትመጣ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። ታዲያ ያቺው ትሆን እንዴ?

ጡረተኛው_መምህር · ኅዳር 18

እመቤቴ፣ ያቺው እንኳ አትሆንም፤ ለጥናት እግራቸው ላይ ቀለበት ከታሰረባቸው ውስጥ ብዙ የቆዩት ከአሥር ዓመት ቢያልፉ ነው። ግን እኛ ጋ ሲመጡ የያዙትን ቦታ አይለቁም። በየዓመቱ ወደዚያው ይመለሳሉ፤ ሌላ ከመጣች ያባርራሉ። ስለዚህ የእኛ ወንድም አምናም ዘንድሮም ያያት አንዲቷ ብትሆን አይደንቅም። እርስዎ ያዩዋትም በየዓመቱ የምትመለስ የግንፍሌ ጎረቤትዎ ነበረች።

ሐቀኛው · ኅዳር 19

እሺ፣ ዛሬ ባምቢስ ጋ ስሻገር ቁልቁል አየሁ። አንድ አለች። ምንም አላልኩም፤ አለች ብቻ ነው ያልኩት።

ሸገር_ሙድ · ኅዳር 19

ሐቀኛው ወፍ አገኘ 😂

ባይኖኩላር · ጥር 2

ክሩን ቀሰቀስኩት። በየዓመቱ በፈረንጆች ጃንዋሪ በብዙ አገር የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ ከ1967 (ይሄም በፈረንጅ) ጀምሮ የቆየ ሥራ ነው። እዚህ ገፈርሳ፣ አቃቂና አባ ሳሙኤል ናቸው ሰው የሚያስታውሳቸው። የቀበና ውሃ በትልቁ አቃቂ አድርጎ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው፤ ከዚያ አዋሽ። ላይኛው ላይ ያሉትን ግን የሚቆጥር አላየሁም። እኛ ለራሳችን ለምን አንሞክርም? ከቀበና ድልድይ ተነሥተን ወንዙን ተከትለን እንወርዳለን፤ ያየነውን እንጽፋለን። ግንብ የሆነውንና ያልሆነውን ዳር ለየብቻ።

ቅዳሜ 12:30፣ ድልድዩ ላይ። ባይኖኩላር ሁለት አለኝ።

ሰሊ · ጥር 2

ልጄን ይዤ እመጣለሁ። ኢንስፔክተርን ካላየሁ ብላ ቤት አስቸግራኛለች።

ግንበኛው · ጥር 2

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ነኝ። በኛ በኩል ስታልፉ ቦት ጫማ አድርጉ፤ ከታች ያለው ጭቃ ይውጣል።

ጡረተኛው_መምህር · ጥር 3

ጉልበቴ ቁልቁለት አይችልም። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ እጽፋለሁ፤ እናንተ ጩኹልኝ።

ሸገር_ሙድ · ጥር 3

12:30 የጠዋት ነው የማታ?

ባይኖኩላር · ጥር 3

የጠዋት!

ሸገር_ሙድ · ጥር 3

እንግዲህ እኔ ከእንቅልፌ እስክነሣ እናንተ አዋሽ ትደርሳላችሁ።

የቀበናው · ጥር 5

አሥራ አንድ ሰው መጣን፤ ሸገር_ሙድም ጭምር፣ ፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቦ። ከድልድዩ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ሄድን። ኮመን 7፣ ግሪን 3። ከአሥሩ ግንብ ስር ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግንቡ ፈርሶ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ የወደቀበት ቦታ ላይ። የሰሊ ልጅ ናት መጀመሪያ ያየችው።